ጎብነት ያልለቀቀችው ቦታ

«እንዲህ አምራ አታውቅም እኮ!» አለች ጎረቤታቸው ሃኖራ፣ የአስከሬን ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ።

ሺላ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ሞታም ታምራለች! እሷ ከትናንት ጀምሮ ዳቦ ስትቆርጥ፣ ሻይ ስትቀዳ እግሯ አብጦ፣ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያላት አንድ ሰው የለም። ታላቅ እህቷ ጎብነት ግን መቁጠሪያዋ ጣቷ ላይ ተጠምጥሞላት፣ ሳሎኑ መሃል ዛሬም የሰዉን ዓይን ሁሉ ወስዳዋለች።

«እጇ ወርቅ ነበር» አለ አንዱ የፋብሪካ ሰው። «ቅመሙ ልክ መሆኑን ሳትመዝን በአፍንጫዋ ታውቀው ነበር።»

ሺላ ይህን ሃያ ዓመት ሰምታዋለች። ቋሊማ ፋብሪካው የገቡት በአንድ ሳምንት ነው። ጎብነት ቅመም ክፍል ገባች፤ ሺላ ማሸጊያ፣ ጣት ከሚያደነዝዘው ማቀዝቀዣ አጠገብ። ቅመም ክፍሉ ይሞቃል፣ ደሞዙም ይሻላል። ደግሞ እዚያ ሰው ይጠራሻል፦ «ጎብነት፣ እስቲ አሽትቺልን!» ሺላን ማን ይጠራል? ማታ ማታ ጎብነት ቅንድቧ ላይ ሳይቀር የቁንዶ በርበሬ ብናኝ ይዛ ትገባ ነበር። ሺላ በብናኙ እንኳ ቀንታለች።

ጎብነትን ሳል ሲጀምራት ደግሞ እናታቸው ማሩን ለጎብነት፣ እሳቱ አጠገብ ያለውን ወንበርም ለጎብነት አደረገች።

«እሁድ ስትዘፍኚ የማይይዝሽ፣ ሰኞን ጠብቆ የሚመጣ ምን ዓይነት ሳል ነው?» አለቻት ሺላ አንድ ቀን።

ጎብነት ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ትንፋሿ አለቀባት።

ሺላ ማንቆርቆሪያውን ልትሞላ ወጥ ቤት ስትመለስ፣ አለቃቸው ሚስተር ቱሚ ኮፍያውን አውልቆ ተከትሏት ገባ።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ ሺላ። ግን ከቀብሩ በኋላ የእሷን ቦታ ውሰጂ። ድሮ ያንቺ መሆን የነበረበት ነው።»

ልቧ ዘለለ። አፈረች፤ ግን ዘለለ።

«ድሮ ማለት?»

«ሦስት ጊዜ ላዛውርሽ አስቤ ነበር። ‹እህቴን እዚህ ካስገባችሁ በዚያው በር እወጣለሁ› አለችኝ። እሷን ማጣት ደግሞ አልፈለግንም።»

ሺላ ሳሎን ገባች።

«አንቺ ክፉ!» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ምን ያልቅብሽ ነበር? ሃያ ዓመት በብርድ ስታስፈጂኝ!»

ሃኖራ ክንዷን ያዘቻት። «ተይ አንቺ ልጅ! ሬሳ ይሰደባል?»

«ሦስት ጊዜ ከለከለችኝ!»

«አውቃለሁ፣ ነግራኛለች።» ሃኖራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ብናኙ ነው የጨረሳት። ሐኪሙ ‹ክፍሉን ካልለቀቅሽ ትሞቻለሽ› ብሏት ነበር። ‹ብለቅ ሺላ ሮጣ ትገባበታለች፤ ከእናቴ ልጆች ብናኙ እኔን ከበላ ይበቃዋል› አለችኝ።»

«ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?»

«ብትነግርሽ ታምኛት ነበር?»

አታምናትም ነበር። ሰስታ ነው ትል ነበር። ሺላ ሰኞን ጠብቆ የሚመጣው ሳል ከምን እንደነበር አሁን ገባት። እንዲያም ሆኖ ቅናቱ አልለቀቃትም፦ በደግነትም በለጠችኝ! ይህችን እንኳ አልተወችልኝም!

ሚስተር ቱሚ በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ቦታው...»

«አልፈልገውም» አለች ሺላ። «ብናኙን የሚስብ ነገር ሳትገጥሙ ማንንም ብታስገቡ በሩ ላይ እቆማለሁ። እህቴ በምን እንደሞተች ሊገባ ለሚመጣ ሁሉ እነግራለሁ።»

«ሺላ...»

«ሻይህን ጠጣ።»

በማግስቱ ጠዋት አስከሬን ገናዡ ሣጥኑን ሊዘጋ ክዳኑን አነሳ።

«ቆይ» አለች ሺላ።

ጎብነት ስድስት ዓመት በጀርባዋ ተኝታ አታውቅም። ጋደም ካለች ስለምትታፈን ትራስ ደራርባ፣ ቁጭ እንዳለች ነበር የምታነጋው። አሁን ማን ነው እንዲህ ዘርግቶ ያስተኛት? ሺላ ሹራቧን አወለቀች። አራት ቦታ አጥፋ ከእህቷ ራስ ሥር አስገባችው።

«ክዳኑ አይገጥምም እኮ» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

ሹራቡን አወጣችው። አንድ እጥፋት ቀነሰችና መልሳ አስገባችው።