እናቴ ቤት ዜናው ሲጠፋ

እና አንዲት ቁልፍ ለመጫን ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል፣ አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ወረቀቱን ያነባል፣ የቴሌቪዥን ሥርጭታችንን ከሳተላይት ወደ ኢንተርኔት በማሸጋገር ዘመኑን የዋጀ አገልግሎት፣ ምናምን፣ እናቴ ቤት ዘመኑ አልደረሰም፣ ኔትወርክ የለም፣ አክስቴ ስልክ ለመደወል እንኳ ዳገት ትወጣለች። ነግሬዋለሁ። እናቴ የምታየው በዲሽ ነው ብዬዋለሁ፣ ለአንተ እናት ብለን ሳተላይት አንከራይም አለና ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ጥርስ ባዳ ነው።

እማዬ ሁሉን ረስታለች፣ እኔንም፣ ባለፈው ስሄድ የማን ልጅ ነህ አለችኝ፣ ያንቺ፣ አይ፣ የኔ ልጅማ ቴሌቪዥን ላይ ናት። እህቴን ነው። ዜና አንባቢዋን። ማታ እህቴ እንደምን አመሻችሁ ስትል እማዬ ፀጉሯን በእጇ አስተካክላ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ አንቺስ፣ ትላለች፣ ያኔ ብቻ ነው አፏን ለምግብ የምትከፍተው፣ አክስቴ ሳህን ይዛ ዜና ትጠብቃለች። ዜና ከሌለ ራት የለም። ነግረናታል እኮ፣ እማዬ፣ ከእንግዲህ በቴሌቪዥን አትመጣም፣ እሺ አለች፣ እሺ ማለቷንም ረሳችው።

በል ተጫን።

እጫናለሁ። ፊቴ ባለው ስክሪን ላይ የሳተላይቱ ሲግናል መስመር ዝቅ፣ ዝቅ ይልና ይተኛል፣ ያጨበጭባሉ፣ በገዛ እጄ፣ እማዬ ቤት አሁን ጥቁር ስክሪን ላይ ሲግናል የለም የሚል ጽሑፍ አለ፣ እሷ ደግሞ ማንበብ አትችል፣ እዚህ እህቴ በኢንተርኔቱ ስክሪን ላይ ጥርት ብላለች፣ እንዲህ አምራም አታውቅ፣ ለማን ነው የምታምረው።

ዜናው ሊያልቅ ሲል ስልኬ። አክስቴ ናት፣ ታለከልካለች፣ ዳገቱ ላይ ናት ማለት ነው። ምነው አክስቴ። እናትህ ጥቁር ልብስ አምጪልኝ አለች። የምን ጥቁር። ልጄ ሞታ ነው የደበቃችሁኝ ትላለች፣ ኧረ ሥራ በዝቶባት ነው ብላት፣ ባሌም የሞተ ጊዜ ሥራ በዝቶበት ነው ብላችሁኝ ነበር አለችኝ፣ ያን ግን እንዴት አስታወሰችው አንተ።

እንዴት አስታወሰችው። ስሜን ረስታ፣ ቤቷን ረስታ፣ ያን ውሸት ይዛው ኖራለች፣ ራትስ እላለሁ፣ አልቀመሰችም፣ ለቅሶ ላይ ናት፣ ምን ልበላት ትላለች አክስቴ፣ አለቃዬ ኬኩ ይቆረጥ ይላል፣ እህቴ ስለ ነገ የአየር ሁኔታ እያነበበች ፈገግ ትላለች፣ አይዞሽ፣ ነገ ትረሳዋለች እላለሁ፣ አዎ ትረሳዋለች፣ ነገ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጥና ታጣታለች፣ እንደ አዲስ ትሞትባታለች፣ ከነገ ወዲያም፣ በየማታው፣ አክስቴ፣ በቃ ጥቁሩን ልብስ ስጫት።