በካርታው ላይ አረንጓዴ የነበረው ሸለቆ

ታላቅ ወንድሟ «ዶክተር» ይላታል። ዶክተር አይደለችም። በአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የአውሎ ነፋስ መረጃ በኮምፒውተር የምትተነትን ባለሙያ ናት፤ ግን ወንድሟ እህቱን ሲያሞግስ አይሰስትም።

አውሎ ነፋስ የሚደጋገምባቸውን ቦታዎች ቀይ፣ ሰላም የሆኑትን አረንጓዴ አድርጋ ካርታ የሠራች ጊዜ አለቆቿ አጨበጨቡላት። ከሁሉ አረንጓዴ ሆኖ የወጣው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሸለቆ ነበር። ግንበኛው ወንድሟ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። እዚያ ቤት ሠርቶ እናታቸውን ይዞ ገባ፤ የሚያመነቱትን ሰዎችም «እህቴ በኮምፒውተር አይታዋለች» እያለ አሳምኖ ጎረቤት አደረጋቸው።

ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ። የሰፈሩን ጣራ ገነጣጥሎ ሄደ፤ እናቷም ክንዳቸው ተሰበረ። ነፍስ አለመጥፋቱ ተመስገን ነው።

በማግስቱ ቢሮዋን ዘግታ ሶፍትዌሩን ከፈተች። የሸለቆው ቁጥሮች ደህና ይጀምራሉ፤ ነፋሱ እየበረታ፣ እየበረታ ይሄድና ድንገት ዜሮ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ቀጥ የሚል ምን ዓይነት ነፋስ ነው? ጥሬውን መረጃ ስታወጣ በዜሮዎቹ ቦታ ምንም የለም፤ ባዶ ነው። ለካ ነፋሱ ሲከፋ ሸለቆው ውስጥ የተተከለውን የነፋስ መለኪያ ራሱን ይጥለዋል፤ መለኪያው ከወደቀ ደግሞ የሚመዘገብ ነገር አይኖርም። እሷ ሥራውን ቶሎ ለመገላገል ብላ ለሶፍትዌሩ አንዲት ትእዛዝ ሰጥታው ነበር፦ ባዶውን ሁሉ በዜሮ ተካ። ሶፍትዌር ደግሞ ታዛዥ ነው፤ «እመቤቴ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ?» አይልም።

ያቺን ትእዛዝ ሰርዛ ባዶዎቹን እንደ ከባድ ነፋስ ቆጥራ እንደገና አስኬደችው። ሸለቆው ከቀዮቹ ሁሉ የባሰ ቀይ ሆነ። ብቻዋን ተቀምጣ እንኳን ፊቷ ጋለ፤ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

ሸለቆው ስትደርስ ወንድሟ መሰላል ላይ ቆሞ ቆርቆሮ ይመታል። እናቷ ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«መጣሽ የኔ ልጅ? ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ምሳ አልበላሽም?» አሏት።

የባሰ አፈረች።

«ዶክተር!» አለ ወንድሟ ከላይ። «ነፋስሽ ጉድ ሠራን እኮ! ግን አይዞሽ፣ እንዲህ ያለው ሁለተኛ አይመጣም ብያቸዋለሁ። ሁሉም ቤቱን መልሶ እየሠራ ነው።»

«ጋሼ፣ ውረድ እስቲ።»

ወረደ። ሳታስጌጥ ነገረችው። ከጎረቤት የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ መሃል መሃሉን እየገባ ያቋርጣት ነበር።

«እኔ እኮ በአንቺ ስም ምዬላቸዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

መዶሻውን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጠ። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣ በወደደች።

«በይ ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «አሠራሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ምስማሩ ቀጭን ነበር፣ ቦታውም አልተስማማኝም እላቸዋለሁ። ከዚህ እንዲነሱ አደርጋለሁ። በእኔ ይለፍ።»

በዚህ ሰፈር ያለው ሀብቱ «እጁ የታመነ ግንበኛ» መባሉ ብቻ ነው። እሱን ነው አውልቆ ሊያለብሳት የፈለገው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር።

ወደ ጎረቤት ግቢ ተሻገረች። አዲስ ቆርቆሮ ታቅፈው የነበሩት ጎረቤት ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«ዶክተሯ! እንኳን መጣሽ! ወንድምሽ ስላንቺ አውርቶ አይጠግብም።»

«ዶክተር አይደለሁም፣ እማማ። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ነፋሱ ተመልሶ ይመጣል። የወንድሜ ሥራ ምንም አልነበረበትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሴትየዋ ቆርቆሮውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ እሷን ሳይሆን፣ በትከሻዋ አሻግረው በእሷ ስም የማለላቸውን ወንድሟን ተመለከቱ። ዞር ስትል ወንድሟ አንገቱን ደፍቷል።