በመቅደሱ ግቢ የሚያወሩት ሰው

«ውሻ ውሻ ይሸታሉ» አለች አክስቷ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ጠጋ ብላ። «እነማን ናቸው ደግሞ እነዚህ?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። በሩ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሁለት ሰዎች ኩርምት ብለዋል፤ አንዲት ወፍራም ሴትና ጣቱን በፋሻ የጠቀለለ ረጅም ሰውዬ። አባቷ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። «እግዜር ያጥናሽ» ላለ ሁሉ ራሷን ስትነቀንቅ ማጅራቷ ደርቋል፤ እንባዋ ግን የት እንደገባ እንጃ፣ ጠብ አላለም።

«ከመቅደሱ ግቢ ነን» አለች ሴትየዋ። «እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው፣ እሱ አናጺ ነው። እዚያ ሰው የጣላቸውን ውሾችና ድመቶች ከአባትሽ ጋር እንንከባከብ ነበር።»

አባቷ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ መቅደሱ እንደሚሄዱ ታውቃለች። ለጸሎት ይመስላት ነበር።

«አይ የጋሼ ጨዋታ!» አለ አናጺው። «አፋቸው ሥራ አይፈታም እኮ! ድመት ሲያጥቡ ወሬ፣ ውሻ ሲያክሙ ወሬ…»

«ስለማን አባት ነው የምታወራው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ለቀስተኛው ዞሮ አያት።

አባቷ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ቤት ሲገቡ ጫማቸውን አውልቀው ጋዜጣ ይዘው ቁጭ ነው፤ በቃ። እናቷ ከሞተች ወዲያማ ጭራሽ ተለጎሙ። የሙያ ፈተናዋን ያለፈች ዕለት ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ብትገባ፣ አየት አድርገው «ጥሩ ነው» አሉና መነጽራቸውን መጥረግ ቀጠሉ። ያቺን «ጥሩ ነው» ስንት ዓመት ስታመነዥካት ኖራለች። ለካ ወሬስ ሞልቷቸው ኖሯል፤ ለድመት!

ሊሄዱ ሲነሱ ፋርማሲስቷ ወደ ጓዳው በር ሳብ አደረገቻት።

«ቤት ውስጥ ዝም እንደሚሉ ነግረውኛል። ‹ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ከኋላዬ ሲጮህብኝ ውሎ፣ ቤት ስገባ አፌም ይደክመው ነበር። ልጆቼ ዝምታዬን ለመዱት፤ አሁን ብጀምር ይደነግጡብኛል› ነበር የሚሉት።»

ልብስ ሰፊዋ የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል ያዘች።

«ለቅሶ ቤት ሥራ ማንሳት ነውር ነው፣ ይቅር በይኝ» አለች ሴትየዋ። «የመድኃኒት ሳጥኑ ቁልፍ እሳቸው ጋ ቀርቷል። ጆሮው የቆሰለ ሽማግሌ ውሻ አለ። እኛም ሁለት ብቻ ቀረን፣ እህቴ። ደክሞናል።»

ቁልፉ ከኮታቸው ኪስ ተገኘ። እዚያው ልትሰጣት ትችል ነበር። «ነገ እኔው አመጣዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ለወንድሟ «መጣሁ» ብላ ወጣች። መቅደሱ ግቢ ውስጥ፣ አጥሩን ተጠግቶ አንድ የቆርቆሮ ጥላ አለ። ሽማግሌው ውሻ ከሥሩ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮውን ዝንብ ወሮታል።

«ይናከሳል» አለ አናጺው፣ ጣቱን እያሳያት። «ጭንቅላቱን የሚይዙት ጋሼ ነበሩ።»

መሬት ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስደገፈችው። ፋርማሲስቷ ቁስሉን መንካት ስትጀምር ውሻው አጉረመረመ።

«አውሪለት!» አለቻት። «ዝም ካልሽው ይፈራል።»

«ምን ብዬ?»

«ያገኘሽውን።»

እንደ መንተባተብ ብላ ጀመረች። ለቅሶ ቤቱ ወንበር እንዳነሰው ነገረችው። አክስቷን ሰው ሁሉ እንደሚሸታት አጫወተችው። ቀጥላም ስለዚያ የፈተና ወረቀት፣ እንዴት እየሮጠች እንደገባች፣ ደረጃው ላይ እንዴት እንደተደናቀፈች። «አባዬ፣ አንደኛ እኮ ነው የወጣሁት» ስትል ሰማች ራሷን። ይህንንማ ያኔም አልነገረቻቸውም፤ ይጠይቁኛል ብላ ስትጠብቅ ቀረች። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ እንዳታብሰው እጇ የውሻውን ራስ ይዟል።

ጆሮው ታጥቦ፣ መድኃኒት ተቀብቶ ሲያልቅ ውሻው እዚያው ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሁለቱ ወደ ድመቶቹ ሄዱ። ስልኳ ጠራ፤ ወንድሟ ነው።

«የት ጠፋሽ? ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል።»

«አሁን መነሳት አልችልም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተኝቷል።»

«ማን?»

ስልኩን ዘጋችው። የደነዘዘ እግሯን ሳታንቀሳቅስ፣ በመዳፏ ዝንቡን ከቁስሉ ላይ ቀስ አድርጋ እሽ ማለት ያዘች።