ሁለት ጣት ከገባ

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ሽርር ይልና ዝም፣ ሽርር ይልና ዝም። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ጣሪያ አያለሁ። ጣሪያ ማየት እወዳለሁ፤ ጣሪያ አይከራከርም። መኪናችን ወደ ግቢ ስትታጠፍ የምታሰማውን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ አባቴ ሳል ለይቼ አውቀዋለሁ። ይሄ ግን ሌላ ነው። ጎማ መንካት የሌለበትን ነገር እየነካ ነው። የፊት ግራ፣ አልኩ ለራሴ፤ መሪው ሲጠመዘዝ ብቻ።

መስኮቱ ጋ ስደርስ የእህቴ ባል ከመኪናዋ ወርዶ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ የገዛ ሥራውን ያደንቃል። አራቱም ጎማዎች ተለውጠዋል። አባታችን እስኪሞት ድረስ በአሥራ አምስት ኢንች የቆርቆሮ ቸርኬ የነዳት መኪና፣ አሁን የሚያብረቀርቅ ባለ አሥራ ስምንት ተጫምታ የሰው ጫማ የሰረቀች ትመስላለች።

የሰፈሩ ሰው ይሄን ሰውዬ «ኢንች» ነው የሚለው። ቸርኬና ጎማ ይሸጣል፤ ከሚሸጠው በላይ ያወራል። ሐብሐብ ሲገዛ እንኳ ስንት ኪሎ ነው አይልም፣ ስንት ኢንች ነው ይላል። እኔ ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ። በሆዴ የምለው ሆዴ ውስጥ ይቅር።

አዲስ ቸርኬ ማስፈለጉ እውነት ነው። የኋላው ቀኝ ጉድጓድ ገብቶ ተሰንጥቆ፣ ጠዋት ጠዋት ጎማው ተንፍሶ እናገኘዋለን። ግን መኪናዋ የሽርሽር አይደለችም። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከሦስት ወር በፊት ጀርባዋን ኦፕራሲዮን ተደርጋ እስካሁን ቤት ውላለች። የስፌት ቤቱ ኃላፊ ቦታዋን እስከ ሰኞ ድረስ ይዞላታል፤ ሰኞ ማሽኗ ፊት ካልተቀመጠች ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ሐኪሙ ሥራውን አልከለከላትም፤ የከለከላት መንገጫገጭን ነው። በአውቶቡስ አንድ ቀን ሞክራ ሁለት ቀን ተኝታለች። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት የማደርሳትም፣ ማታ የምመልሳትም እኔ ነኝ፤ በዚህችው መኪና።

ኢንች ለማማር ሲል እንደሚወደው መኪናዋን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ እንደማይታሰብ አስቀድማ የነገረችንም እሷ ናት። ስትገባ መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮቿን አንድ ላይ አንስታ ታስገባለች። ወንበሩ አራት ጣት እንኳ ዝቅ ቢል ተመልሳ መነሳት አይሆንላትም። «ኢንች አገባሁ እንጂ አንድ ኢንች አልወርድም» ብላ ነበር። ያን ዕለት ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ አብረን የሳቅን አይመስለኝም።

እኔ ደግሞ ሒሳብ ነፍሴ ነው። በደብተሬ ላይ ክብ በክብ ውስጥ እየሣልኩ ሦስት ቀን አሳለፍኩ። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ቸርኬው በሰፋ ቁጥር ጎማው መሳሳት አለበት፣ ያኔ የሁለቱ ድምር ቁመት ሳይለወጥ ይቀራል። አሮጌው ጎማ ከነቸርኬው ከመሬት እስከ ጫፉ ስልሳ ሦስት ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ባለ አሥራ ስድስት ቸርኬ ልኩን ጎማ ሲለብስ ስልሳ ሦስት ይመጣል፤ ልዩነቱ የጥፍር ስፋት እንኳ አይሞላም። ደግሞም ከቸርኬው በታች የሚተርፈው ጎማ ወፈር ያለ ስለሆነ ጉድጓዱን እሱ ይቀበለዋል፣ የእህቴ ጀርባ አይቀበለውም። ይሄንን ሁሉ በወረቀት አድርጌ ለኢንች ሰጠሁት። አላነበበውም። አጣጥፎ የቡና ስኒው ስር አደረገውና፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለኝ።

የእሱ ሐሳብ ሌላ ነው። ዝቅ ያላለች መኪና ላይ ትንሽ ቸርኬ የአባቱን ካፖርት የለበሰ ልጅ ነው፤ ከጎማው በላይ ባዶ ክፍተት ያገጥጣል፤ የኢንች ሚስት በዚህ ስትሄድ ደንበኛ አይቶ ይስቃል። መኪናዋ ካልወረደች ጎማው ወደ ላይ ይደግ፤ ክፍተቱ ይሞላል። ባለ አሥራ ስምንቱ ደግሞ ሱቁ መስኮት ላይ ሁለት ዓመት ማንም ሳይጠይቀው አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። እኔም አንድ ስህተት ሠራሁ። ባለ አሥራ ስድስቱን ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ነጋዴ ጋ አይቼዋለሁ አልኩት። ከዚያ ሰው ጋር ዐይንና ናጫ ናቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ የቸርኬ መሆኑ ቀረ።

ግቢ ወርጄ ጎማውን ለካሁት። የእህቴ የልብስ መለኪያ ሜትር አንገቴ ላይ ነበር። ስልሳ ስድስት። ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ጨምሯል፤ ስስ ጎማ መልበስ የነበረበትን ሰፊ ቸርኬ ወፍራም አልብሶታል፣ ክፍተት ለመሙላት ብቻ።

«ይነካል» አልኩት።

ኢንች ጎንበስ አለና ሌባ ጣቱንና የመሐል ጣቱን በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል፣ ማለት ከጎማው በላይ ባለው የላሜራ ቅስት ስር አስገባ። የሥራው ደንብ ይሄ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በሁለት ጣት ለክቶ ሸጧል።

«ሁለት ጣት ከገባ ይበቃል፣ ኢንጂነሩ።»

«ያንተ ጣት መኪናዋ ውስጥ አይቀመጥም፣ ጋሼ። እትዬ ናት የምትቀመጠው።»

ስለ ፊት ጎማው ሽርርታ ጠየቅሁት። የውስጥ ፕላስቲክ ነው አለና እዚያው ተንበርክኮ በምላጭ ቆርጦ ጣለው። እውነትም ከዚያ በኋላ የፊቱ አልጮኸም። ቁራጩን እግሬ ስር ወርውሮ፣ ለትዝታ ያዘው አለኝ። አነሳሁትና በመስኮቱ በኩል የሱ መቀመጫ ላይ አደረግሁለት።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። ለአንዳችንም ወግና አታውቅም። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ባዶ ሳትሆን እሷ ተቀምጣባት እንድትሞከር ወሰነች። ከነካ ያኔውኑ ይወለቃል፣ ካልነካ እኔ አፌን እዘጋለሁ። «ሰኞ የምሄደው እኔ ነኝ» አለች።

እሑድ ጠዋት የኢንች ሱቅ ጓሮ ተገናኘን። ከጎኑ የሚሠራው ሽማግሌ ላሜራ ቀጥቃጭ ዳኛ እንዲሆን ጠራነው። ሁለታችንንም የማይወድ ሰው በመሆኑ ተስማማንበት። የእሱ አሠራር ጣት አያውቅም። ጠመኔ ይጠይቃል፤ የፓራፋንጎውን የውስጥ ከንፈር ዙሪያውን በጠመኔ ይቀባል፣ መኪናዋ ተጭና ትነዳለች፣ ከዚያ ጠመኔው የት እንደጠፋ ይታያል። ላሜራ ዋሽቶ አያውቅም፣ የሚዋሸው ሻጭ ነው አለ፤ ኢንች ያልሰማ መሰለ። ጠመኔ የነበራት እህቴ ብቻ ናት፤ ጨርቅ የምታሰምርበትን ጠፍጣፋ ነጭ ጠመኔ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው።

መጀመሪያ ኢንች ባዶዋን ነዳት። ከጓሮው በር ላይ ከፍ ያለ የቱቦ ክዳን አለ፤ እሱን ተሻግሮ፣ ዞሮ ተመለሰ። ጠመኔው እንዳለ ነበር። ኢንች ሁለት ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ አሳየኝ።

ቀጥሎ እህቴን አስገባናት። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ እግሮቿን አነሳች፣ ከኋላ በግራ በኩል። እኔ ከጎኗ ሆንኩ፤ ኢንች ነዳ። ክዳኑን በዝግታ ስንሻገር ከሥሯ የሆነ ነገር ሽርር አለ። ፊቷን አላየሁም፤ ጆሮዬ ጎማው ላይ ነበር። ስንመለስ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አየና የኋላ ግራው ላይ የጣት ርዝመት ያህል ጠመኔ መጥፋቱን ተናገረ።

እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። ይሄንን ዛሬም አውቀዋለሁ።

ኢንች ግን የላሜራው ከንፈር ቢቀጠቀጥና ወደ ውስጥ ቢታጠፍ ነገሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው አለ። ሽማግሌው እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ላሜራውን አጥፍልሃለሁ። የሚስትህን ጀርባ ግን እኔ አላጥፈውም።»

ኢንች ፊቱ ጠቆረ። ጠመኔውን የጠረገው ጎማው ሳይሆን የሽማግሌው እጅጌ ነው አለ። እኔም የምተኛለት አልሆንኩም፤ ፊት ለፊት ያለው ነጋዴ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ዓይነቱን ጎማ ለጠላቱ እንኳ አይሸጥም አልኩት። እሱ፣ አባትህ ቢኖር እንዳንተ ያለ ሥራ ፈት መኪናውን አያስነካም ነበር አለ። እኔ፣ አባቴ ቢኖር አንተም ግቢያችን አትገባም ነበር አልኩ። እህቴ ከመኪናው ውስጥ «ይበቃል» አለች። ሰምቻታለሁ። እሱም ሰምቷል።

«ድጋሚ ይቀባ» አልኩ። «አሁን እኔ ልንዳ።»

«ንዳ» አለ ኢንች፣ ከጎኔ እየገባ። «ንዳና እንይህ።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እኔ ግን ያንን ምላጭ የዋጥኩት በራሴ ጉሮሮ አልነበረም። ሽማግሌው ቅር እያለው ቀባ። እኔ መሪውን እስከ ጥጉ ጠመዘዝኩና ክዳኑን ከሚገባው በላይ ፈጥኜ ወጣሁበት። እንደፈጠንኩ አውቃለሁ። ምልክቱ ሰፊ እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ የጣት ሳይሆን የክንድ ያህል፣ ማንም እጅጌ ነው እንዳይል። ከኋላ ግው አለ። ብረትና ጎማ። ከዚያ ድምፅ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ ትንፋሽ መሐል ላይ ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት።

ፍሬን ይዤ ዘልዬ ወረድኩ። ወደ ጎማው ነው የሮጥኩት። ኢንችም ከወዲያ በኩል ዞሮ መጣ፤ ሁለታችንም ተንበርክከን አንገታችንን ፓራፋንጎው ስር ከተትን። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠመኔ የሚባል አልቀረም። ጎማው ትከሻ ላይ ነጭ መስመር ታትሟል፤ ላሜራው ደግሞ ጎማውን ቆንጥሮ ቁራጭ ወስዷል።

«ይኸው!» አልኩት።

ሆን ብለህ ነው አለኝ። አዎ አልኩት። እንዲህ ሲነዳ የጭነት መኪናም ይነካል አለ። እህትህን ሰኞ በምን ልታደርሳት ነው፣ በወረቀትህ ነው ወይ አለ። ሜትሩን ከአንገቴ አንስቼ ክፍተቱ ውስጥ ከትቼ ቁጥሩን ላሳየው ስታገል፣ እሱ ሁለት ጣቱን በዚያው ቀዳዳ ሊያስገባ ይገፋኛል። ሜትሩና ጣቱ እዚያ ውስጥ ይጋፋሉ።

«ልጆች» አለ ሽማግሌው ከላያችን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ልጆች።»

ቀና አልን። የኋላው በር ተከፍቷል። የከፈተላት ሽማግሌው ነበር፤ ክንዱን አስደግፏት ቆሟል። እግሮቿ አንድ ላይ መሬት ነክተዋል። ለመነሳት ጊዜ ወሰደባት፤ አንዳችንም አልተነሳንም፤ እጃችን ጎማው ስር ነበር። ቆማ ትንሽ ጠበቀች፣ አንድ እጇን ጣሪያው ላይ አድርጋ፣ የሚመጣውን እንዲያልፍ እንደምትጠብቅ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። የሜትሩን ጫፍ ያዘችና ሳበችው። ለቀቅሁት። በሁለት ጣቷ ዙሪያ ጠቀለለችው፣ ስፌት ቤት ቀኑ ሲያልቅ እንደምታደርገው፣ ሳትቸኩል፣ ቁጥሮቹ ወደ ውጭ ሆነው። ከሽማግሌው መዳፍ ላይ የቀረችውን የጠመኔ ስባሪ ወሰደች። ሁለቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዘጋችው።

ኢንች በቤት ስሟ ጠራት፤ እኔ ፊት ጠርቷት በማያውቀው። እኔም «እትዬ» አልኩ። የመኪናው ሞተር እንደበራ ነው።

የቱቦውን ክዳን ዞራ አለፈችና በጓሮው በር ወጣች።