ሹክሹክታ ያቃተው መነኩሴ

አባ ጡሩምባ ንስሐ የሚሰሙት ከገዳሙ አጥር ውጭ፣ ሜዳው መሃል ነው። ወንበራቸውን ተሸክመው ይወጣሉ፤ ኃጢአተኛውም ይከተላቸዋል። በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ባለው መናዘዣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ዕለት «የጎረቤትሽን ዶሮ?!» ያሏት ሴትዮ እስከ ዛሬ ያችን ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም። ጎረቤትዋ እዚያው ወንበር ላይ ተራዋን እየጠበቀች ነበር።

ደግ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አልታዘዝ አላቸው። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፣ የወፍጮው ነው። የልጅነታቸውን ነገር ስናነሳ ያኔ አንቱ የሚላቸው ስላልነበረ እኛም እሱ ብንል አይቀየሙም።

አባቱ ባለ ወፍጮ ነበር። መኝታ ቤታቸውን ከሞተሩ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። በዚያ ቤት ጨው የሚለመነው በጩኸት፣ ሚስጥር የሚወራው በጩኸት፣ እሹሩሩ የሚባለውም በጩኸት ነበር። ሕፃኑ ሞተሩ ሲጮህ ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ሞተሩ ሲጠፋ በርግጎ ይነቃና ሰፈሩን ያምሰዋል። ጡሩምባ የሚለውን ስም ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት፤ እሷም ብትሆን በድምፅ የምትታማ አልነበረችም።

ጎርምሶ ከአባቱ ጋር መሥራት ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን ለካቶሊክ መነኮሳቱ ገዳም ዱቄት ሊያደርስ ሄደ። ጆንያውን ተሸክሞ ረጅሙ ኮሪደር ውስጥ ሲገባ አንድ ነገር ከኋላው ቋ ቋ እያለ ተከተለው። ዞር ቢል ማንም የለም። ለካ የገዛ ጫማው ነው! እስከዚያ ቀን ጫማው ድምፅ እንዳለው አያውቅም ነበር። ጆንያውን አወረደና ላዩ ላይ ተቀምጦ ዝምታውን ሲሰማ ቆየ። «በቃ፣ እኔ የምኖረው እዚህ ነው» አለ ለራሱ። ለራሱ ያለውን አትክልቱ ቦታ ያሉት መነኮሳት ሳይቀሩ ሰሙት።

ቤት ሲደርስ «አባባ፣ ልመነኩስ ነው!» አለ። አባቱ ጆሮው በወፍጮው ደክሞ ስለነበር ነገሩን ደጋግሞ አስደገመው።

«አንተ? የኔ ልጅ? ዝም ልትል?» አለ በመጨረሻ። «እንግዲያው የምንኩስናውን መሐላ ስትምል በገዛ ጆሮዬ እሰማለሁ። ያን ጊዜ እመርቅሃለሁ። ካልሰማሁ ግን አላምንም፣ አልመርቅምም!»

ገዳም ገብቶ ተመካሪ ሆነ፤ መሐላው እስኪደርስ ሊፈተን ማለት ነው። ዝምታን እንደሱ የሚወድ ሰው በዚያ ገዳም ታይቶ አይታወቅም፤ እንደሱ የሚያምሰውም እንዲሁ። አንድ ምሽት በሩን ዘግቶ፣ የሾከሾከ መስሎት፣ «ጌታ ሆይ፣ ወጥ ሠሪውን ወንድማችንን ይቅር በለው፤ ሾርባው እንደሆነ እጣቢ ነው» ብሎ ሲማጸን ኮሪደሩ በሙሉ «አሜን» አለ። በማግስቱ ጭልፋው እሱ ሳህን ላይ ሲደርስ ባዶ ሆነ።

የገዳሙ አለቃ፣ አበምኔቱ፣ ጩኸት የሚያማቸው ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። አስጠርተውት «ልጄ፣ መሐላህ ከመሠዊያው ደረጃ አልፎ ከተሰማ ወደ ወፍጮህ ትመለሳለህ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ሥራው ሻማ ፊት ማውራት ሆነ። የተመካሪዎቹ መምህር ሻማ ይለኩሱና «ሳታጠፋው ማል» ይሉታል፤ እሱ ገና «እኔ» ሲል ሻማው ጭልም ይላል። ገዳሙ ክብሪት አለቀበት። ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ማለዳ ነበልባሉ ሳይወዛወዝ መሐላው አለቀ። መምህሩ በደስታ ጮኹና ሻማውን እሳቸው አጠፉት።

የመሐላው ቀን አባቱ ወፍጮውን ዘግቶ መጣ። ፊቱን ታጥቦ፣ ጆሮው ሥር ያለውን ዱቄት ረስቶ፣ ከልጁ እህት ጋር መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልጁ መሠዊያው ፊት ተንበርክኮ ማለ። እንዲያ ያለ ለስላሳ ድምፅ ከየት እንዳመጣው እሱም ገረመው። አበምኔቱ ፊታቸው በራ። የመነኮሳቱን ካባ ሊያለብሱት ሲዘረጉ ከኋላ አንድ ድምፅ ፈነዳ።

«ማለ እንዴ?!» አባቱ ነው።

«ምሏል አባባ!» አለች እህቱ፤ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ።

«እኔ አልሰማሁም! እኔ እኮ አልሰማሁም!»

ልጁ ዞሮ አየው። አባቱ መዳፉን ጆሮው ላይ ደግኖ ቆሟል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አበምኔቱ ደግሞ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ተው» በሚል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ካባው ከትከሻው ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ልጁ ጨነቀው። ደግሞ ቢምል ያን የሚወደውን ኮሪደር ያጣዋል፤ ዝም ቢል አባቱ ሳይመርቀው ይሄዳል።

«አባታችን» አለ ለአበምኔቱ፣ በዚያው በሻማው ድምፅ፤ «እግዚአብሔር ሰምቶኛል። የቀረው አባቴ ነው።»

ተነሥቶ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ አየር ስቦ፣ ከወፍጮው ሞተር ጋር እየተፎካከረ ባደገበት ጉሮሮ ማለ። ርግቦቹ ጣሪያውን ለቀው በረሩ። የመሠዊያው ሻማዎች ጠፉ። አንቀላፍተው የነበሩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ብድግ ብለው «አቤት!» አሉ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ መባረሩን ጠበቀ።

«ሰማሁ!» አለ አባቱ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፤ ጩኸቱ ከልጁ ባሰ። «ተባረክ ልጄ! ግን ምን ያስጮህሃል? ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው!»

አበምኔቱ ፊታቸውን በካባው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ልጁ በቁጣ መስሎት ነበር፤ ካባውን ሲያወርዱት ግን ዓይናቸው በሳቅ ረጥቧል። ትከሻው ላይ ደረቡለትና ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«አንተስ ግድ የለም፣ ግባ» አሉት። «እህትህን ግን ደጅ አቆይልኝ።»