ወለል የሚነካ ኩታ

ሰላማዊት የምትተዳደረው ለሠርግ ፕሮጀክተርና ሸራ እያከራየች ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ያልለካችው አዳራሽ የለም። የእማማ ጥሩወርቅ ጠባብ ክፍል ግን አስቸገራት።

የእማማ ልጅ ሩት እብናት ታስተምራለች። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ስትዳር መንገዱ ተዘግቶ እናቷ ሳይደርሱላት ቀሩ። መንገዱ ዛሬም አልተከፈተም። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የእናቷን ጉልበት ስማ ትመረቃለች፤ ሩት ግን ባዶ ወንበር አስቀምጣ፣ ተንበርክካ ወንበሩን ሳመች። ይህም በስልክ ተቀርጾ ተላከላቸው።

"አየሁት" አሉ እማማ፣ "ግን ልጄን አውራ ጣት አሳከሏት። እንዲህ ሆና እንዴት ልመርቃት? በቁመቷ አምጪልኝ።"

"ግድግዳውን ሙሉ ላደርጋት እችላለሁ፣ እማማ።"

"እኔ ጎልያድ አልወለድሁም!"

ሰላማዊት እንደ አዳራሹ ልማድ ሰፊውን ሸራ ከደረት ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ቪዲዮው የተቀረጸው ስልኩ ቆሞ ስለነበር ሩት መሃል ላይ ቀጥና ታየች፤ ግራና ቀኟ ጨለማ ነው።

"በበር ስንጥቅ የምታጮልቅ መሰለች" ብሎ የሩት ወንድም ሞገስ ሳቀ።

"ደግሞስ እዚያ ላይ ምን ሰቀላት?" አሉ እናቱ።

ሰላማዊት ሸራውን ጠቀለለችና ፕሮጀክተሩን በጎኑ አስተኝታ በትራስ ደገፈችው፤ ቪዲዮውንም አዞረችው። ምስሉ እንደ በር ቆመ። የሚያስፈልገውም እንደ በር ጠባብና ረጅም፣ ወለል የሚነካ ነጭ ጨርቅ ነበር።

"ሩት የት ትደርስሃለች?"

ሞገስ ከጆሮው በታች አሳያት። ያንን ቁመት ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገችና የሩት ራስ ከምልክቱ እስኪደርስ ፕሮጀክተሩን ወደ ኋላ ሳበችው።

እማማ ለሩት ሠርግ ያሠሩትን፣ ሳይደርስ የቀረውን ኩታ ከሣጥን አወጡ። ሰላማዊት የሙሽራዋ እግር ንጹሕ ነጭ ላይ እንዲያርፍላት ብላ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ሰቀለችው።

"ውይ! ዘቅዝቀሽ ሰቀልሽው! ልጄን ዳርኋት እንጂ ቀበርኋት?"

ሰላማዊት ፊቷ ቀላ። ወዲያው ኩታውን ገለበጠችው።

መስኮቱ ተዘጋ። ውጭ ቀትር ነው፤ በጣሪያው ቆርቆሮ የምስማር ቀዳዳዎች የገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ እንደ ኮከብ ተበትኗል። በዚያ መሃል ሩት በቁመቷ ቆመች። ጥለቱ ከእግሯ ሥር ሆነ፤ ክፍሉ ውስጥ የገባች እንጂ ጨርቅ ላይ የታየች አትመስልም።

እማማ ዱካ መቀመጫቸውን ጎትተው ኩታው አጠገብ ተቀመጡ።

"እማዬ፣ ብርሃኑን ጋረዱት!" አለ ሞገስ።

"ተዋቸው" አለች ሰላማዊት።

የእማማ ጉልበት ጥላ ምስሉ ውስጥ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አረፈ። ሩት ቬሏን ሰብስባ ተንበረከከች፤ አጎነበሰች፤ ከንፈሯ ጥላውን ነካ። እማማ እጃቸውን ወደ ራሷ ዘረጉ። የቬሉ ብርሃን በጣቶቻቸው ላይ አለፈ።

"እደጊ ልጄ። ውለጂ፣ ክበጂ። የቤትሽ መብራት አይጥፋ።"

ሩት ጥቂት አጎንብሳ ቆየች፤ የሚባለውን እስከ መጨረሻው የምትሰማ ይመስል። ከዚያ ተነሣች፤ ቪዲዮው አበቃና ኩታው ባዶ ነጭ ሆነ።

እማማ ጉልበታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

"በሉ እጠፉት" አሉ፤ "መንገዱ ሲከፈት ትለብሰዋለች።"

ሰላማዊት ኩታውን ከግድግዳው ስታወርደው፣ ሰው ከትከሻው እንዳወረደው ሁሉ፣ ሞቅ ያለ መሰላት።