የሳማው ድርሻ

«እግርህን አንሳ!» አለች።

አናጢው ጎረቤት ችካሉን በአንድ እጁ፣ መዶሻውን በሌላው እንደያዘ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቀረ።

«እባብ ነው እንዴ?»

«አባጨጓሬ ነው።»

«እኔን በባዶ ሆዴ አስደነገጥሽኝ!» አለ፤ እግሩን ግን ራቅ አድርጎ አሳረፈ።

እሷና ወንድሟ ከአባታቸው የወረሱትን ቦታ የሚካፈሉበት ቀን ነበር፤ አናጢው ችካል ሊመታላቸው መጥቷል። ወንድሟ መንገዱ ዳር መኪና ማጠቢያ ለመክፈት ቸኩሏል። እሷ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ በማይክሮስኮፕ ስታይ ስለምትውል ከሥራ ውጭም ዓይኗ ትንሹን ነገር አያልፍም። ከጓሮው፣ ቧንቧው በሚያንጠባጥብበት ረግረግ ላይ የበቀለውን ሳማም ልብ ያለችው ለዚህ ነው። ጎንበስ ብላ፣ ዳርና ዳሩ በቀጭን ድር የተሰፋ ቅጠል በጥንቃቄ ገለጠች። ውስጡ እሾሃማ ጥቁር ትል ተጠቅልሏል።

«ይኸውልህ ወንድም ጋሼ። ልጆችህ የሚያሯሩጡት ቀይና ጥቁር ቢራቢሮ የሚሆነው ይሄ ነው።»

«ታዲያ በካርቶን አድርገሽ ሌላ ቦታ ውሰጂያቸዋ!»

«የት? እነዚህ ያለ ሳማ አያድጉም። ወንዙ ዳር የነበረው በሲሚንቶ ተደፈነ። ሜዳው ላይ ፎቅ ቆመ። በዚህ ሰፈር የቀረው ይሄ ብቻ ነው።»

«ለአበባ የሚከራከር ሰው አይቻለሁ» አለ ወንድሟ አናጢውን በዓይኑ እየጠቀሰ። «ለሳማ ጠበቃ ሲቆም ግን ገና ዛሬ አየሁ!»

የተስማሙት ወንድም ሊከፍል፣ እህት ልትመርጥ ነበር፤ ከፋይ እንዳያዳላ። የመጨረሻው ችካል ተመትቶ ገመዱ ሲወጠር አየችው። ከወዲህ መንገዱ ዳር ያለው ሰፊና ደረቅ መሬት፤ ከወዲያ በሦስት በኩል በጎረቤት ግንብ የታጠረው ረግረግ ከነሳማው። መራጩ ሌላ ሰው ቢሆን ከፋዩ በገዛ ገመዱ በተጠለፈ ነበር። ወንድሟ ግን እህቱን ያውቃታል።

«ምረጪ እንግዲህ» አለ ለስለስ ብሎ። «የፊቱን ብትወስጂም ቅር አይለኝም። እኔ የኋላውን መንጥሬ መጋዘን እሠራበታለሁ።»

ደሟ ፈላ።

«እታለም፣ የፊቱን ያዢ» አለ አናጢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገንዘብ የሚያወጣው እሱ ነው። ለትል ብለሽ ሞኝ አትሁኚ።»

ገመዱን ተከትላ እስከ ግንቡ ሄደች፤ ሦስቱንም ግንብ አየች፤ ተመለሰች።

«የኋላውን መርጫለሁ።»

ወንድሟ ፈገግታውን ሊደብቅ ወደ መንገዱ ዞረ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። በየት በኩል ነው የምገባው?»

«ምን?»

«ዙሪያው ግንብ ነው። ቢራቢሮዎቹስ ክንፍ አላቸው፤ እኔ ምን አለኝ?» ወደ አናጢው ዞረች። «አንተ ስንቱን አካፍለሃል። መግቢያ የሌለው ድርሻ አይተህ ታውቃለህ?»

አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ። «የለም፣ መግቢያማ ይተዋል። ጋሪ የሚያሳልፍ። ከፊተኛው መሃል ተቀንሶ።»

«መሃል ለመሃል?» ወንድሟ ጮኸ። «መኪናውን የት ላዙረው ነው?»

«እሱን ገመዱን ስትዘረጋ ነበር ማሰብ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ አሉ!»

አናጢውን ሳቅ አመለጠው። ወንድሟ ገላመጠው።

«በይ እሺ፣ ለእግርሽ የሚሆን እተውልሻለሁ።»

«ለእግሬ ብቻ አይደለም፤ ሳማውም ይግባና ይውጣበት።»

ሳማው መሃል ገባች። የተሰፋ ቅጠል የሌለበትን አንድ ግንድ መርጣ ከነሥሩ ነቀለችው። እጇን ለበለባት፤ አልለቀቀችውም። በወንድሟ ፊት አልፋ መንገዱ ዳር ደረሰች፣ መግቢያዋን ከእሱ ድርሻ በሚለየው ጠርዝ ላይ በተረከዟ አፈሩን ጫር ጫር አድርጋ ተከለችው።

«አንቺ! ደንበኛዬ በምን በኩል ሊገባ ነው?»

«በራስህ በኩል» አለችና ሁለተኛውን ልታመጣ ተመለሰች።